ዳንቴል የለበሰው ስልክና የልጄ ሽማግሌዎች

ወሬውን ከመጀመሬ በፊት ሰዎቹን ልንገራችሁ። አንባቢን መሀል መንገድ ላይ አቁሞ «ይሄ ደግሞ ማነው?» የሚያስብል አጻጻፍ አልወድም።

አንደኛዋ ባለቤቴ ይታይሽ ናት። እጇ ላይ ኪሮሽና ክር ከሌለ የታመመች ይመስላታል። በቤታችን ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ፈልጋችሁ አታገኙም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ፍሪጁ ለብሷል፤ የሻይ ፔርሙዙ ባለ ቁልፍ ኮት አለው። እኔ ያመለጥኩት አንድ ቦታ ስለማልቀመጥ ነው።

ሁለተኛዋ የበኩር ልጄ ሰላም ናት። እዚሁ ደብረ ታቦር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ስትናገር ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ሐሳቧን ግን ስትቀይር አይቻት አላውቅም።

ሦስተኛው ደሳለኝ የሚባል ወጣት ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ስልክ የሚሸጥባትና የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው።

አራተኛው መሪጌታ አየለ ናቸው። የጋፋት ሰው ናቸው፤ የደሳለኝ የክርስትና አባት። ቅኔ ያስተምራሉ። ሲናገሩ አይቸኩሉም፤ ሲበሉም አይቸኩሉም።

አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ፈንታሁን እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ምስማር የሚጠቀለልበትን አሮጌ ጋዜጣ እያነበብኩ። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት። እያንዳንዷን እውቀት በላቡ ስላገኛት ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ቤቴም ሕግ የበዛበት ቤት ነበር። ማዕድ ላይ ስልክ አይነካም። ሰው በሌለበት ክፍል አምፖል አይበራም። የተበላሸ ዕቃ ሳይጠገን አይጣልም። እነዚህ ሕጎች ዛሬም ትክክል ናቸው እላለሁ፤ ልጆቼ ይህን ሲያነቡ እንዳይሳሳቱ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰጋቱራ ነው። ሰላም ደመወዝ ማግኘት ስትጀምር አጠራቅማ ጥሩ ስልክ ገዛችልኝ። ስልኩን የምይዘው በሥራ ቱታዬ ኪስ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ደግሞ ሰጋቱራ ጠፍቶ አያውቅም። ከጊዜ በኋላ የቻርጅ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ተጠቅጥቆ ገመዱን አልቀበልም አለ። በመርፌ ጠረግኩት። ከጠረግኩት በኋላ ጭራሽ እምቢ አለ።

«አባዬ፣ እንደዚህ ዓይነቱ ስልክ ያለ ገመድም ይሞላል እኮ» አለችኝ ሰላም። «ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ልጅ አለ። ጎበዝ ነው ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው» አለችና ደብተር ማረም ቀጠለች።

ሄድኩ። ልጁ ጨዋ ነው። የሻይ ሳህን የምታክል ክብ ነገር አወጣና ስልኬን ከላይ አስቀመጠው፤ ስልኩ ድምፅ አሰማና መሙላት ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ገረመኝ። ግርምቴን ግን ለሻጭ አላሳይም። ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ከዚህ የረከሰ የለህም ወይ አልኩት፤ ሌላ አወጣ። ከዚህም የረከሰ አልኩት። ትንሽ አመነታና ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ጥቁር አወጣ። በእሷም ላይ ተከራክሬ አስቀንሼ ገዛሁ። እየተኩራራሁ ወደ ቤት ገባሁ።

ይታይሽ ዕቃዋን ባየች በማግሥቱ ክሩን አወጣች። የእኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጉና ተራራ ላይ ውርጭ ያደረ ለታ ነፋሱ እዚህ ድረስ ወርዶ ጥርስ ያንገጫግጫል። ለቻርጀሯ ከሥር ፍራሽ የመሰለ ወፍራም የሱፍ ዳንቴል፣ ለስልኩ ደግሞ ከላይ የሚደፋ ባለ አበባ ዳንቴል ሠራችለት። «ብርድ እንዳይመታው፣ ሰጋቱራም እንዳይገባበት» አለች። እኔም አመሰገንኳት።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ስልኬ መድከም ጀመረ። ጠዋት ሞልቶ ይወጣል፤ ምሳ ሳይደርስ ይሞታል። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ዥዋዥዌ ይጫወታል። ገልብጬ ባየው ጀርባው አብጦ ተነስቷል።

እኔ ደግሞ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አይፈጅብኝም። ኤሌክትሪክ በገመድ ሲሄድ መንገዱን ያውቃል፤ በአየር ሲሄድ ግን ይበተንና ባትሪውን ከየአቅጣጫው ይደበድበዋል አልኩ። አንድ ቦታ ያነበብኩት መስሎኝ ነበር። አላነበብኩትም፤ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት።

ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ ደሳለኝ ሱቅ ሄድኩ። ስልኩን አገላብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«አባቴ፣ ይሄን ከአሁን በኋላ ቻርጅ እንዳያደርጉት፤ አደጋ አለው። ባትሪው መቀየር አለበት።»

«ባትሪውንስ የሚሸጠው ማነው?»

«እኔ ጋ አለ።»

ይህን ነበር የምጠብቀው። «እንግዲህ ስሙ!» አልኩ፤ ለእሱ ሳይሆን በሩ ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ። «በሽታውን ይሸጥልሃል፤ በሽታው ሲጠናብህ መድኃኒቱን ይሸጥልሃል! ያለ ገመድ የሚሞላ ነገር ባትሪ እንደሚገድል እያወቅህ ነው የሸጥክልኝ!»

«አባቴ፣ እንደሱ አይደለም…»

«አባቴ አትበለኝ!»

«እሺ ጋሼ።»

«ጋሼም አትበለኝ!»

«እሺ» አለ። ጆሮው ፍም መሰለ። አንድ ባጃጅ ነጂ «አባባ፣ ለእኔም ይናገሩልኝ፤ ባለፈው ሳምንት የሸጠልኝ ማዳመጫ ባንድ ጆሮ ነው የሚሰማው!» ብሎ አሳቀ። ልጁ ግን አንዲት ክፉ ቃል አልመለሰም። ይህን ያህል የታገሠው ጥፋተኛ ቢሆን ነው ብዬ ደመደምኩ። ለምን እንደታገሠ የገባኝ በማግሥቱ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደገባን በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ከፊት መሪጌታ አየለ። ይታይሽ አየቻቸውና ወዲያው ገባት፤ ወደ ጓዳ ሮጣ ለሰላም ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ተቀመጡ» አልኩ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «አቶ ፈንታሁን፣ ከቤትዎ የበቀለችውን ልጅ ለልጃችን ብለን ነው። ልጁ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ጾም የማይገድፍ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ነው።»

ደስ አለኝ። ልጁ የማን ነው፣ ሥራውስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«ደሳለኝ ይባላል። ከመናኸሪያው ጀርባ የስልክ ሱቅ አለው።»

ከጓዳ ሳህን ሲወድቅ ተሰማ። ትናንት በገበያ መሀል ያዋረድኩት ሰው ዛሬ ልጄን ሊጠይቅ ቀጠሮ ይዞ ነበር ማለት ነው። «እሺ» እያለ የዋጠው ለዚህ ነው።

«መሪጌታ፣ ስለ ጾሙ አልጠይቅዎትም» አልኩ። «ስለ ባትሪው ነው የምጠይቅዎት።»

«ስለ ምኑ?»

ያበጠውን ስልክ አምጥቼ አሳየኋቸው፤ ታሪኩንም ነገርኳቸው። ሦስቱም በየተራ ነክተው ተመለከቱት፤ ከመካከላቸው አንደኛው ሽማግሌ እንደ ታመመ በግ ሆዱን ጫን ጫን አደረገው።

«እንግዲህ» አልኩ፣ «በእኛ ቤት ልጅ ለድሃ ይሰጣል፤ ለአታላይ ግን አይሰጥም። ያለ ገመድ መሙላት ባትሪ ይገድላል ወይስ አይገድልም? የሚገድል ከሆነ እያወቀ ሸጦልኛል። የማይገድል ከሆነ ባትሪዬን የገደለው ምን እንደሆነ ይንገረኝ። መልሴ እዚያ ላይ ነው።»

መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። «ብዙ ቤት ሽምግልና ገብቻለሁ። ጥሎሽ ተጠይቄያለሁ፤ ዘር ተጠይቄያለሁ። ባትሪ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው።» ሳይቀመጡ ወጡ።

ማታ እራት ላይ ሰላም አልቀረበችም። ጓዳ ሄጄ ሳያት መሬት መሬት እያየች ቆማለች።

«ታውቂው ነበር?»

«አዎ አባዬ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲያዩት ብዬ ነው የላክሁዎት። ማን መሆኑን ሳያውቁ እንዲያዩት።» ቀና አለች። «ከቃልዎ አልወጣም። እሱን ከከለከሉኝ ግን ሌላ ሰው አያምጡብኝ፤ አላገባም።»

እንደ ዛተች አልተሰማኝም። የነገው የትምህርት ፕሮግራም ይህ ነው እንደማለት አድርጋ ነው የነገረችኝ። ያን ቀን እንቅልፍ በሰላም አልወሰደኝም።

በአገራችን ወግ የሽማግሌ መልስ ሳይሰጥ ልጁ የልጅቷ አባት ፊት አይቀርብም። እኔም ሱቁ ድረስ ሄጄ ብጠይቀው ነውር ነው፤ ሰው «ፈንታሁን አማች ፍለጋ ወጣ» ይላል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ በመሪጌታ አየለ አፍ ማለፍ ነበረበት። ቅኔ አዋቂው ሰውዬ በባጃጅና በእግራቸው እየተመላለሱ ከደሳለኝ ሱቅ ወደ እኔ የእንጨት ሥራ ቤት የባትሪ ትምህርት ያመላልሱ ጀመር።

መጀመሪያ ሲመጡ በግንዲላ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ አያቋርጡኝ። ልጁ እንዲህ ይላል። ያለ ገመድ መሙላት በገመድ ከመሙላት ይልቅ ስልኩን ሞቅ ያደርገዋል። ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ደግሞ ሙቀት ነው። ሳይግል ከተሞላ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ባትሪ ደግሞ በገመድም ተሞላ ያለ ገመድ፣ ውሎ አድሮ ማርጀቱ አይቀርም። የእርስዎ ግን አላረጀም፤ በሙቀት ብዛት ነው ያበጠው።»

«በሙቀት?» አልኩ፤ መጋዜን አስቀምጬ። «መሪጌታ፣ እርስዎ አሁን ጋቢ ደርበው ነው የተቀመጡት። እኔ ካፖርት ለብሼ ነው የምሰነጥቀው። እዚህ አገር ስልክ በብርድ ሞተ ቢለኝ አምነዋለሁ። በሙቀት?»

«እውነት ነው፤ ይህን አላሰብኩትም» አሉና ተነሱ።

ሁለተኛ ሲመጡ ጥያቄ ይዘው መጡ። «የት ነው የሚያስቀምጡት ይላል። ምድጃ አጠገብ ነው? ፀሐይ ይመታዋል?»

«መኝታ ቤት ኮመዲኖ ላይ። ፀሐይ አይደርስበትም፤ ከምድጃም ሩቅ ነው።»

ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ስለ ዳንቴሉ ግን አልተናገርኩም። የደበቅኩ እንዳይመስላችሁ፤ ትዝም አላለኝም። በእኛ ቤት ዳንቴል ልክ እንደ ግድግዳው ነው፤ አለ ተብሎ አይወራም። ደሳለኝም ቢሆን ቻርጀር ፍራሽና ብርድ ልብስ አለው ብሎ ከየት ይጠርጥር?

ሦስተኛው መልእክት ከበድ ያለ ነበር። መሪጌታ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ልጁ ጨንቆታል። እንዲህ ብሏል፤ ያበጠውን ስልክ እንዳይነኩት፣ የእኔን ስልክ ይውሰዱ። እሑድ በእርስዎ ቤት፣ በእርስዎ ቻርጀር፣ እርስዎ እያዩ ይሞላ። ቻርጀሩ ስልኬን የሚያግለው ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ፤ ሽምግልናውንም አነሳለሁ።»

«ያነሳል?»

«ያነሳል። እኔ አትበል ብዬው ነበር።»

ሰላም ይህን ስትሰማ ደብተሯን ማረም ቀጠለች። እሑድ ጠዋት ግን ፀጉሯን ለመሠራት ተቀምጣ ሳለ የተሠራውን ሁለት ጊዜ አስፈትታ እንደገና ስታሠራ አየኋት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የስልክ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ልቤ ያመነው። ቃሌን ግን ሰጥቻለሁ።

መሪጌታ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር መጡ። አሁንም አልቀመጥም ብለው ነበር፤ «ፈተናው ረጅም ነው፤ ለሽምግልናው ሳይሆን ለባትሪው ተቀመጡ» ብዬ አስቀመጥኳቸው። ይታይሽ ለእንግዳ ብላ ከላይ የሚደፋውን አሮጌ ዳንቴል ገፍፋ አጥባ፣ ገና ያለቀ አዲስ ዳንቴል ይዛ ቆማለች። ቻርጀሯን ከነፍራሿ ሳሎን አመጣን። መሪጌታ የደሳለኝን ስልክ ከጋቢያቸው እጥፋት አውጥተው ከላይ አስቀመጡት።

ስልኩ ድምፅ አሰማ። መስተዋቱ በራ፤ ፎቶ ወጣበት።

ሰላም ናት! አዎ፣ ልጄ፤ ጉና ሥር ገብስ ማሳ ዳር ቆማ፣ ነፋስ ነጠላዋን ወስዶባት፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ስትስቅ። እንዲህ ስትስቅ እኔ ራሴ አይቻት የማውቅ አይመስለኝም።

አንደኛው ሽማግሌ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። መሪጌታ ሳል መጣባቸው። ይታይሽ «ውይ በማርያም!» ብላ የያዘችውን አዲስ ዳንቴል ስልኩ ላይ ደፋችበትና ጠርዝ ጠርዙን በእጇ ጠቀጠቀችው፤ ነውሩ በቀዳዳ እንዳይወጣ። እፍረታችንን ለመሸፈን ሁላችንም ወሬ ጀመርን። የድንች ዋጋ አወራን፤ ስለ ዝናቡ አወራን፤ መሪጌታ ስለ አንድ ሰነፍ ተማሪያቸው ረጅም ታሪክ አወሩ። ማንም ወደ ስልኩ አላየም። በጓዳው በር መጋረጃ ሥር የሰላም እግር ብቻ ይታያል።

ወሬያችን ሲያልቅ ተነስቼ እጄን ከዳንቴሉ ሥር ከተትኩና ስልኩን ያዝኩት። ወዲያው ለቀቅኩት።

«ይግላል» አልኩ።

መሪጌታም ነኩት። «ካመድ የወጣ ድንች!» አሉና ጣታቸውን አራገፉ። ፊታቸው ጨለመ።

«እንግዲህ ራሱ የፈረደው ፍርድ ነው» አልኩ። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ከመጋረጃው ሥር የሚታየው የሰላም እግር አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ። ሰላም እንግዳ ፊት ያልተጠራችበት ገባች፤ ይህ በቤታችን ሆኖ አያውቅም።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«እርጥብ ጣውላ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያደርቃሉ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጣውላ አየር ያስፈልገዋል። ከተጠቀለለ ይታፈናል፤ ያብጣል፤ ይጣመማል…»

አልጨረስኩትም። ያበጠው ስልኬ ዓይኔ ላይ መጣ። ሁላችንም ወደ ዳንቴሉ ዞርን።

«ደግሞ በዳንቴሌ መጣችሁ!» አለች ይታይሽ። «ክሩ ጥሩ ሱፍ ነው! ዋጋውን ታውቃለህ አንተ?»

«ጥሩ ሱፍ መሆኑ ነው እኮ ችግሩ» አሉ መሪጌታ በእርጋታ።

ስልኩ መስኮት ላይ ተቀምጦ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ ቻርጀሯን ከፍራሿ አውርጄ ራቁት ጠረጴዛ ላይ አደረግኳት፤ ስልኩንም ራቁቱን ከላይ። መስተዋቱ እንደገና በራ፤ ሰላም እንደገና ሳቀች። ይታይሽ ዳንቴሏን አነሳች።

«ተይው» አልኳት። «ይታይ። ስትስቅ ማንም አይሞትም።»

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ያመነ ያለ አይመስለኝም። መሪጌታ ሊስቁ ብለው ተዉት።

በዚህኛው ዙር ወሬ አላወራንም። ምጥ እንደሚጠብቅ ሰው ስልኩን ከበን ተቀመጥን። እያረፍኩ በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ። ለብ አለ፤ ሞቅ አለ፤ ከዚያ ግን አላለፈም። መሪጌታ ነኩት፤ ይታይሽ ነካችው፤ መጨረሻ ላይ ሰላም ነካችው። የሰላም እጅ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ነጻ ነው» አልኩ። «ያለ ገመድ መሙላቱ አይደለም ባትሪዬን የገደለው። እኛ ነን አፍነን የገደልነው። መሪጌታ፣ መልሴን ልስጥ።»

መሪጌታ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ። ልጁ አንድ የመጨረሻ ቃል ልኮኛል። 'ፈተናው ቢጥለኝ አይናገሩት፤ ምን ያደርጋል። ነጻ ካወጣኝ ግን መልስ ከመስጠታቸው በፊት ይንገሩልኝ' ብሎኛል። እኔ ባይነገር ይሻላል ብዬ ለምኜው ነበር። አደራ ነው።»

ሰላም እኔን ሳይሆን መሪጌታን ነበር የምታየው። እሷም የማታውቀው ነገር እንደሆነ ገባኝ።

«'የሸጥኩላቸው ቻርጀር ከሱቄ ሁሉ ዝቅተኛዋ ናት' ይላል። 'ከሌሎቹ ይልቅ እንደምታሞቅ አውቃለሁ። ከዚህ የረከሰ እያሉ ሲጫኑኝ አወጣኋት፤ ታሞቃለች ብዬ ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ጥለው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። ዳንቴሉ ቢኖርም ባይኖርም ያን ዝም ማለቴ የእኔ ነው።'»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሰላም ዓይኗን ጨፈነች።

ለራሴ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ «አላልኳችሁም!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቀጥሎ ግን ራሴን ሱቁ ውስጥ ቆሜ አየሁት። ከዚህ የረከሰ፣ ከዚህም የረከሰ እያልኩ። ያን ቀን ለምን ርካሽ እንደሆነች አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። በሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተደግፎ በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ አለ። ለምን በርካሽ ትሸጠዋለህ ብሎ ለሚጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ላልጠየቀኝ አልነግረውም። ልጁ የተናዘዘበት ዝምታ የእኔው የዘወትር ዝምታ ነበር።

«ሰላም» አልኩ።

«አቤት አባዬ።»

«ትፈልጊዋለሽ?»

«ባትሪውን ሳይጨምሩ ነው የሚጠይቁኝ?»

«ባትሪውን ትተሽ።»

«እፈልገዋለሁ።»

ወደ መሪጌታ ዞርኩ። «እንግዲያው ስሙኝ። ያንን ባይነግረኝ ኖሮ ልጄን ለንጹሕ ሰው ሰጠሁ ብዬ እተኛ ነበር። አሁን ንጹሕ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ሊያተርፍ ሲችል በራሱ ላይ የሚመሰክር መሆኑንም አውቄያለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሜ አላገኘውም። ልጄን ሰጥቻለሁ። አንድ ቃል ግን አድርሱልኝ፤ በገበያ መሀል ስለተናገርኩት ይቅር ይበለኝ። በአደባባይ ነው የሰደብኩት፤ ይቅርታውንም ሱቁ በር ላይ፣ ያ ባለ አንድ ጆሮ ባጃጅ ነጂ ባለበት እጠይቀዋለሁ።»

ይታይሽ እልል አለች። እልልታዋ ውስጥ ትንሽ የዳንቴል ቂም ነበረበት፤ ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው «አሁን ለሽምግልናው እንቀመጥ» አሉ፤ ምግብም ቀረበ። ሲበሉ እንደማይቸኩሉ ነግሬያችኋለሁ።

ይህን ለምን ጻፍኩላችሁ? አንደኛው ለስልካችሁ ነው። ያለ ገመድ መሙላት ባትሪ ይጨርሳል ወይ የሚለኝ ሰው አሁን ይበዛል፤ አማቼ ስልክ ሠሪ ስለሆነ እኔ የማውቅ ይመስላቸዋል። ጨርሶ አይጎዳም አልላችሁም፤ ከገመዱ ይልቅ ያሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ ባትሪን ያስረጃል። ስለዚህ አታልብሱት፤ ትራስ ሥር አትክተቱት፤ ወፍራም ከቨር ካለው አውልቁለት፤ በእጃችሁ ስትነኩት ካቃጠላችሁ አንሱት። እንዲህ ካደረጋችሁ ገመዱም ገመድ አልባውም ብዙም አይበላለጡም። ካበጠ ደግሞ አትሙሉት፤ ወደሚያውቅ ሰው ውሰዱት። ርካሽ ስትገዙም ለምን እንደረከሰ ጠይቁ፤ ሻጩ የሚነግራችሁ ብትጠይቁት ነው።

ሁለተኛው ለራሳችሁ ነው። በተለይ እንደ እኔ ሳይማሩ ያወቁ አባቶች ስሙኝ። ያወቅነውን ያወቅነው በመጠየቅ ነበር። ስናውቅ መጠየቁን ተውነው። እኔ አንድ ሙሉ ሳምንት ልጁን ስከስሰው መልሱ በየምሽቱ ዓይኔ ሥር አበባ ተጠልፎበት ተቀምጦ ነበር። ልጄ ናት ያየችው፤ እሷም የቆየችው በእኔ ቤት ያልተጠራ ሰው ስለማይናገር ነው። ይህችን አንዷን ሕግ ሰርዣለሁ። ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ጠረጴዛ ሊገዛ ለሚመጣ ሰው ከዋጋው በፊት የእንጨቱን ጉድለት እነግረዋለሁ። ጥለውኝ የሄዱ አሉ። ተመልሰው የመጡም አሉ። ገበያዬ ጨመረ ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም፤ እስካሁን አልጨመረም። ሰዎች ፊት ስቆም ግን ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አልፈልግም።

ነገሩ ሁላችንንም ምን እንዳስከፈለን አብረን ተቀምጠን ደምረነዋል፤ የደመረችው ሰላም ናት፤ መምህርት ስለሆነች። የእኔ አዲስ ባትሪ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር፤ ደሳለኝ በነጻ ልቀይር ብሎኝ እምቢ ብዬ ከፈልኩ። ደሳለኝ ርካሿን ቻርጀር መልሶ በደህናዋ ሲቀይርልኝ ከኪሱ ሁለት ሺህ አራት መቶ። የመሪጌታ የባጃጅ ሦስት መቶ ሃምሳ፤ የጫማቸው ሶል ማስቀየሪያ ሁለት መቶ ሃምሳ። ይታይሽ ተርትራ የጣለችው የሱፍ ክር መቶ ሰማንያ። ሁሉም አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ብር ሆነ። ሰላም ብዕሯን ዘጋች፤ እኔም ጥር ላይ ተድራ ስትወጣ ባዶ የሚሆነውን የእሷን ክፍል ከወጪው የት ጋ እንደምትጽፈው አልጠየቅኳትም።